ዘንቢል የሚያህል

ከስፌቴ ላይ ሜትሬን አንስቼ ዘንቢሉን ለካሁት፤
ወርዱን አርባ ሳንቲም፣ ጥልቀቱን ሠላሳ አምስት አገኘሁት።
"ይኸን የሚያህል" አልኩ፣ "ከዚህ የማይተርፍ፣
ሲያድግም ሲያረጅም ከአፉ የማያልፍ።"
ቡችላ ፍለጋ ወጣሁ።

ስታዲየም ዙሪያ አንዱ ጃኬቱን ከፈት አርጎ፣
ጥጥ የመሰለ ነገር ከብብቱ ፈልጎ፣
"ፑድል ነው፣ ንጹሕ ዘር፣ አያድግም" አለኝ።
"እናቱስ?"
"ውጭ አገር።"
"አባቱስ?"
"እሱም እዚያው" ብሎ ሳቀብኝ።
"አያድግም ስልሽ! እናቴ ትሙት!"
በዚህ ከተማ የማያድግ እኔ የማውቀው
የራሴን ገቢ ብቻ ነው።
የቡችላው ዓይን ገና አልተገለጠም፤
ወተት ወተት ይሸታል። አልገዛሁም።
መንገዱን ተሻግሬ ሆዴ እምቢ ቢለኝ ተመለስኩ፤
ጃኬቱም ልጁም የሉም።

ሜክሲኮ ላይ ሌላው "ጀርመን ነው" አለ፤
መዳፉን ሳየው የእኔን ጡጫ አከለ።
"ይኼማ" አልኩት፣ "የዛሬ ዓመት
እኔን በዘንቢል ይዞ ይሄዳል።"

የጠቆመችኝ ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛዬ ናት።
"ግንፍሌ ውረጂ፣ ከድልድዩ በላይ፣ እትዬ ዘርፈሽዋል በያት።
ዋጋዋ ይመርራል፣ ቃሏ ግን አይታጠፍም፤
ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትነጥልም።"

ሄድኩ። ቡችላ አላሳየችኝም፤
ወንበር ሰጥታ እኔን መረመረችኝ።
"ስንተኛ ፎቅ ነሽ?"
"አራተኛ። ልደታ ኮንዶሚኒየም።"
"ሊፍት አለው?"
"ስሙ አለ።"
"ቀን ማን አብሮት ይውላል?"
"እኔና የስፌት መኪናዬ።"
"በፊት ውሻ ነበረሽ?"
ዝም አልኩ።
ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ዝም ማለቴን ጭምር።

ከዚያ እናቲቱን ጠራች።
"እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ይባላል፤
ለሰው እንጃ፣ ለውሻ ግን ይሠራል።"
መጣች፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ፣ ከጉልበቴ በታች፤
ሜትሬን አሽትታ፣ እንደ መታዘብ ብላ ተኛች።

"ዘንቢሉስ ምንድነው?"

ካዛንቺስ፣ አባቴ ግቢ፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ ነበረን፤
ስሙ "እሱ ያውቃል"።
ቀኑ ተቆርጦ ልቀቁ ስንባል አይሱዙው መጣ፤
ቁምሳጥን ተጫነ፣ በርሜል ተጫነ፣ የአባቴ ፎቶ በጋቢ ተጠቅልሎ ወጣ።
ለእሱ የሚሆን ቦታ ከመኪናውም ከፎቁም ታጣ።
ጎረቤት ይወስደዋል ተባለ፤
ጎረቤቱም ተነሺ ነው።
ሦስት እሑድ አጥንት ይዤ ሄድኩ፤
በሌለው በር ፊት ተጋድሞ
የሌለውን ግቢ ሲጠብቅ አገኘሁት።
በአራተኛው እሑድ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል።
አጥንቱን ይዤ ተመለስኩ።

"እና" አልኳት፣ "በእጄ የማነሳው ይሁን።
ነገም ተነሺ ቢሉኝ፣ የጭነት መኪና የማያስለምን።"

እትዬ ዘርፈሽዋል አልመለሰችልኝም።
መነጽሯን አውልቃ ወደ በሩ አየች፤
እኔም አየሁ፣ ስገባ ልብ ያላልኩትን፦
ቆርቆሮው ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ቁጥር።

"ስድስት ናቸው" አለች፣ "ከነእናታቸው።
ዘንቢሉን የት ነው የገዛሽው?"

ቡኒውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝና፣
የክትባት ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ።
"ሲያድግ ገላው ይገባል፣ አንገቱ ይተርፋል።
እንዳትጫኚው።
መንገዱን ይየው።"

አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ጭኔን አየና
"የሱስ?" አለኝ።
የሁለት ሰው ከፈልኩ።